እጅ የምታረጋጋው የማለዳ መለኪያ፦ በአንድ ማተሚያ ቤት የታየ የመጠጥ ችግር (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሐል፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል በሚገኝ አንድ የግል ማተሚያ ቤት ከሰኔ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ የተከታተልሁትን ጉዳይ ይመዘግባል። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም በሙያ ደህንነትና ጤንነት ዘርፍ ነው። ማተሚያ ቤቱ የጠራኝ የሠራተኞቹን ጤና እንድዳስስለት ነበር። ስለ ድምፅ፣ ስለ ቀለምና ኬሚካል፣ ስለ ወገብ ሕመም ለማጥናት የጀመርሁት ሥራ ሳላስበው ወደ አንድ ሰው የመጠጥ ችግር፣ ከዚያም ወደ ሥራ ቦታው የመጠጥ ልማድ መራኝ። ባለጉዳዩና ሚስቱ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስም አልጠቅስም፤ ማንነትን ሊያጋልጡ የሚችሉ ዝርዝሮችንም ትቻለሁ። ጉዳዩን ለመመዝገብ የተነሣሁበት ዋናው ምክንያት በጥናቱ መጀመሪያ ላይ እኔው ራሴ የፈጸምሁት ስህተት ነው፤ ሌላ ባለሙያ እንዲደግመው አልፈልግም።

የሥራ ቦታው

ማተሚያ ቤቱ ስድሳ ያህል ሠራተኞች አሉት። ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን የቀን መቁጠሪያና የደብተር ትእዛዝ ስለሚጎርፍ ማሽኖቹ ሌሊትም አይቆሙም፤ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ የሚውልባቸው ሳምንታት አሉ። መደበኛው ደመወዝ በባንክ ይገባል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ግን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በገንዘብ ያዥዋ መስኮት በኩል በጥሬ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ከግቢው በር አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ግሮሰሪዎች፣ ጠጅ ቤቶችና አረቄ ቤቶች ነበሩ፤ አረቄ ቤቶቹ ገና ሲነጋ ይከፈታሉ።

ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሌላም ነገር አለ። በኦፍሴት ማተሚያ ማሽን ላይ ፕሌቱን (የሚታተመው ጽሑፍ ያለበትን ስስ ብረት) ለማርጠብ በሚውለው ውሃ ውስጥ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጨመራል፤ ማሽኑን ለማጽዳትም ልዩ ልዩ ማሟሟያ ይውላል። አዳራሹ ቀኑን ሙሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። እዚያ የሚውል ሰው ከጎኑ የቆመው ባልደረባው ትንፋሽ ምን እንደሚሸት መለየት አይችልም። ፎርማኑ በኋላ ላይ «ምንም አልሸተተኝም» ሲል ብዙዎች አላመኑትም፤ እኔ ግን አምኜዋለሁ።

ባለጉዳዩ

ባለጉዳዩ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ሠራተኛ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «ቆራጩ» እለዋለሁ። በወቅቱ ዕድሜው አርባዎቹን አጋምሶ ነበር፤ በቤቱም ሁለት ዐሥርት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነው። ወጣቶቹ «ጋሼ» ይሉታል። ሥራው ሚሊ ሜትር አይስትም የሚባልለት፣ ዕቁቡን በሰዓቱ የሚጥል፣ ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው ለማወደስ አይደለም። እኛ «ሰካራም» ስንል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የሚንገዳገድ፣ የሚሳደብ፣ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ነው። ቆራጩ ከእነዚህ አንዱንም ስለማያደርግ ሚስቱን ጨምሮ ማንም ሰው በዚያ ስም አስቦት አያውቅም። በየቀኑ ለብዙ ዓመት የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ መጠጡን እየለመደው ይሄዳል፤ ሌላውን የሚጥለው መጠን እሱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። አለመስከሩን ጓደኞቹ የጥንካሬው ምልክት አድርገው ያወሩለት ነበር። ለጤና ባለሙያ ግን ይህ ከባድ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

የመጀመሪያው መጠይቅ

በሰኔ 2015 ዓ.ም. በጤና ዳሰሳው ውስጥ ስለ መጠጥ የሚጠይቅ ክፍል አካተትሁ። የተጠቀምሁት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኦዲት የሚባለውን መጠይቅ ነው። ዐሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ጎጂ ወደሆነ አጠጣጥ የሚያመላክት ሲሆን 20 እና ከዚያ በላይ ሱስ መኖር አለመኖሩን በሕክምና ማጣራት እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

መሣሪያው የተፈተነ ነው፤ አጠቃቀሜ ግን የተበላሸ ነበር። አስተዳደሩ ችግር ያለበትን ሰው ለመርዳት ስለሚፈልግ ወረቀቱ ላይ ስም እንዲጻፍ ጠየቀ፤ እኔም ተስማማሁ። ወረቀቱን ያደሉትና የሰበሰቡት ፎርማኖቹ ናቸው። በርእሱ ላይ «ኦዲት» የሚለውን ቃል እንዳለ መተዌ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ፤ በእኛ አገር ኦዲት ማለት ገንዘብ ያጎደለ ሰው የሚያዝበት ምርመራ ነው፤ ሠራተኛው የጉድለት ምርመራ የመጣበት መሰለው።

ወረቀቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመለሱ። 8 ያመጣ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ቆራጩ የሚጠጣው «በወር አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ» መሆኑን ምልክት አድርጎ፣ ድምር ውጤቱ 1 ሆኖ ተመዘገበ። እኔም በሪፖርቴ ላይ የመጠጥ ችግር ጎልቶ እንዳልታየ ጻፍሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል፤ ከሁለት ወር በኋላ የደረሰውን አደጋ አስቀድሞ ማየት የሚቻልበት አንድ ዕድል ነበር፤ እሱም በእጄ አመለጠ። የሠራተኛ ማህበሩ ሊቀመንበር በኋላ ላይ «ሲስተር፣ ስማችንን ጽፈን ለፎርማኑ እየሰጠን እውነቱን እንነግርሻለን ብለሽ ነበር?» ብሎ ጠይቆኛል። መልስ አልነበረኝም።

አደጋው

በነሐሴ መጨረሻ፣ የ2016 የቀን መቁጠሪያ ሥራ በተጧጧፈበት ሳምንት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ቆራጩ የግራ መሐል ጣቱን ጫፍ ከነጥፍሩ በቢላው ቆረጠ። ማሽኑ የተሠራው ቢላው የሚወርደው ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ሲጫኑ ብቻ እንዲሆን ነው፤ ሁለቱም እጆች በቁልፎቹ ላይ ከሆኑ ከቢላው ሥር እጅ ሊኖር አይችልም። እኔ ደርሼ ሳየው ግን የግራው ቁልፍ በታጠፈ ካርቶን ተደፍኖ፣ ላዩ በፕላስተር ታስሮ፣ ሁልጊዜ እንደተጫነ እንዲቆይ ተደርጓል። ፕላስተሩ ከመቆየቱ የተነሣ ጠርዙ ጠቁሮ አቧራ ጠጥቶ ነበር። በአንድ እጅ እየጫኑ በሌላው ወረቀት ማስተካከል ሥራ ያፋጥናል፤ ፎርማኑም ያውቀዋል፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ጣቱን የሰፋችለት የጤና ጣቢያ ባለሙያ ከአዳራሹ ሽታ ውጭ ስለነበረች ትንፋሹን ለየች፤ በሕክምና ወረቀቱ ላይም የአልኮል ሽታ እንዳለው ጻፈች። ወረቀቱ ለሥራ ላይ ጉዳት ማስረጃ ተብሎ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሲመጣ ጉዳዩ መልኩን ለወጠ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አልኮል ጠጥቶ በሥራ ቦታ ለሥራ ብቁ ሳይሆን መገኘት ለሠራተኛ የተከለከለ ተግባር ነው። አዋጁ ከዚህም አልፎ፣ ሰውነቱን ወይም አእምሮውን በሚገባ መቆጣጠር በማይችልበት ስካር ሆኖ ሥራ ላይ የተገኘ ሠራተኛ የደረሰበትን ጉዳት ሆን ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ይቆጥረዋል፤ አሠሪውም በኃላፊነት አይጠየቅም። ስለዚህ በጤና ጣቢያዋ ወረቀት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ሰውየውን ሥራውንም የጉዳት ካሣውንም ልታሳጣው ትችል ነበር።

በጠረጴዛው ዙሪያ

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ስንብት እንዲፈጸም ሐሳብ አቀረበች። በክፋት አልነበረም፤ ነገ ሌላው እጁን ቢቆርጥ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ሊቀመንበሩ ደግሞ ጉዳዩ እንዲድበሰበስ፣ ሽታው የማሽን ማጽጃ ነው ተብሎ እንዲታለፍ ፈለገ። ሁለቱም መንገዶች ሰውየውን ከነሕመሙ የሚተዉ መሆናቸውን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ቢሰናበት በወር ውስጥ ሌላ ማተሚያ ቤት፣ ሌላ ቢላ ፊት ይቆማል፤ ቢድበሰበስ እዚሁ ይቆማል።

ውይይቱን የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የተደፈነው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ባይደፈን ኖሮ ጠጥቶም ቢሆን ጣቱ አይቆረጥም ነበር፤ የመጠጡ ጥፋት የሠራተኛው ቢሆንም የቁልፉ ጥፋት የቤቱ ነው። ፎርማኑ ይህን በአደባባይ ማመኑን አከብርለታለሁ። ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በሥራ ቦታ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳዮችን ስለመያዝ የሚያትተው የአሠራር መመሪያ ነው። መመሪያው የአሠሪውን የዲሲፕሊን ሥልጣን ሳይነካ የመጠጥ ችግር እንደ ማንኛውም የጤና ችግር ያለ አድልዎ እንዲታይ፣ ከቅጣት በፊት ምክርና ሕክምና እንዲቀድም ይመክራል። አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ግን ለሥራ አስኪያጁ የሚይዘው ነገር ሰጠው።

በመጨረሻ ስንብቱ ታግዶ፣ ጉዳቱ ከነካሣው እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ተይዞ፣ ቆራጩ ሕክምና እንዲጀምር ተወሰነ። አዋጁ ለሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል፤ ለመጠጥ ሕክምናው ይኸው በቂ ሆኖ ተገኘ፤ አዲስ ደንብ ማውጣት አላስፈለገም።

ከቆራጩ ጋር ብቻችንን የተነጋገርነው በማግሥቱ ነው። እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ማታ ከሥራ እንደወጣ ስድስት መለኪያ አረቄና ሁለት ቢራ፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ሁለት መለኪያ እንደሚጠጣ ነገረኝ። ጠዋት ለምን እንደሚጠጣ ስጠይቀው የመለሰልኝን እዚህ ባስቀምጠው ይሻላል፦ «ሲስተር፣ ሳልጠጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ይዤ ቢላ ፊት እንዴት ልቁም? ጠዋት የምጠጣው ለመስከር አይደለም፤ ለመሥራት ነው።»

ይህ ሰው ጥንቃቄ የጎደለው አልነበረም። በራሱ አረዳድ ሥራውን ለመጠበቅ ይጠጣ ነበር። የእጁ መንቀጥቀጥ ሌሊቱን ከሰውነቱ የወጣውን አልኮል ፍለጋ ነው፤ የማለዳዋ መለኪያ መንቀጥቀጡን ታስታግሳለች፤ ዓይኑ ርቀት የሚለካበትን፣ አእምሮው የሚፈጥንበትን አቅም ግን ትቀንሳለች።

በድንገት መቋረጡ

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራን። ሕክምናው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ፤ እስከዚያ ምን እንደሚሆን ግን ለቤተሰቡ በግልጽ አልነገርናቸውም። ባለቤቱ ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች፤ ዘመዶች ተሰበሰቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ጠበል ወሰዱት። እሱም ከአርብ ማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም። ቁርጥ ያለ ውሳኔ ነበር፤ ሁሉም ተደሰተ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመጨረሻው መለኪያ 40 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ቆራጩ ወደቀ፤ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፤ አረፋ ደፈቀ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች መንፈሱ ሊለቀው ነው ብለው አጥብቀው ያዙት። የሚስቱ ወንድም ስልክ ቁጥሬን ስለያዘ ደወለልኝ። ያየው ነገር ከመጠጥ በድንገት መቋረጥ የሚመጣ የሚጥል ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ በፍጥነት ሆስፒታል ካልገባ ሕይወቱ አደጋ ላይ እንደሆነ ነገርሁት።

ጠበሉን መውቀስ አልፈልግም፤ መውቀስም አይገባም። ሰውየውን ለመንከባከብ ፈጥኖ የተንቀሳቀሰው ቤተሰቡና ሃይማኖቱ ነው፤ የዘገየነው እኛ ነን። እዚያ የነበሩት አባት ነገሩ ሲገለጽላቸው «ልጄ፣ ጠበሉ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ማለታቸውን ባለቤቱ ነግራኛለች። የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን እንዲወስዱ ቤተ ክርስቲያን ማስተማሯን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ይህም የሚለይ አይደለም።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀምራሉ፤ የሚጥል ሕመም ብዙውን ጊዜ በ6 እና በ48 ሰዓት መካከል ይመጣል፤ መቃዠትና ግራ መጋባት ያለበት ከባዱ ደረጃ ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሊከተል ይችላል፤ ሳይታከም ሊገድል የሚችልም ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ዳያዜፓም ተሰጥቶት መጠኑ በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ተቋረጠ፤ ከግሉኮስ በፊት ደግሞ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ተሰጠው፤ የብዙ ጊዜ ጠጪ ሰውነት የዚህ ቫይታሚን እጥረት ስላለበት አንጎሉ እንዳይጎዳ ነው። ከተረጋጋ በኋላ ያው ዐሥር ጥያቄ በድጋሚ ቀረበለት። በሰኔው መጠይቅ 1 ነጥብ ብቻ ያመጣው ሰው አሁን 27 አመጣ።

ለቀጣዩ ክትትል አማኑኤል ሆስፒታል ሲነሣ ፊቱ ተለወጠ። አማኑኤል ለዘመናት የአገሪቱ ዋና የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ ስሙ በአዲስ አበባ ሰው አፍ «አበደ» ከማለት ጋር ተጣብቋል፤ ቆራጩም «ሰፈር ውስጥ አማኑኤል ገባ ከተባልሁ ልጄን ማን ያገባታል?» አለ። ክትትሉን በአንድ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲያደርግ ተስማማን። ይህን ፍርሃት የናቀ ባለሙያ ታካሚውን ያጣል።

ወደ ሥራ ሲመለስ

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በሐኪም ማስረጃ ተመለሰ፤ ወደ መቁረጫው ግን አይደለም፤ ወደ ጥረዛ ክፍል። አንድ ገጽ ስምምነት ተፈረመ። ሰው ሀብት ክፍል የሚያውቀው የሕክምና ቀጠሮውን መገኘቱን ብቻ ነው፤ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገረው፣ የምርመራ ውጤቱ፣ ከእኔ ጋር የሚያወራው ወደ ግል ማህደሩ አይገባም። ዳግም ቢጠጣ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ተጻፈ፦ በዚያው ቀን ከደወለ የሕመም ፈቃድ ነው፤ ጠጥቶ ማሽን ከነካ ዲሲፕሊን ነው። ይህችን መስመር ያስገባው ሊቀመንበሩ ነው።

ስምምነቱ አንድ የረሳው ነገር ነበር። ከቆራጭነት ሲነሣ የማሽን አበልና አብዛኛው የትርፍ ሰዓት ገቢው ቀረ። ሦስት ወር ያህል የቤቱ ወጪ አልሞላለት ብሎ፣ ለመዳን የሚከፍለው ቅጣት መስሎ ተሰማው። ባለቤቱ ይህን ስትነግረኝ አስተዳደሩን ጠይቀን አበሉ ለስድስት ወር እንዲቀጥል ተደረገ፤ ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ኖሮ ያን ሁሉ ምሬት ባስቀረ።

በጥር፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ጠጣ። ከተራ ዕለት ከአብሮ አደጎቹ ጋር ጀምሮ ሦስት ቀን ቆየ። ወደ ሥራ መግባት በነበረበት ጠዋት ግን ደወለ። «ሲስተር፣ ጠጥቻለሁ፤ አልመጣም» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ይህ ጥሪ በእኔ ግምት የጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ውጤት ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ሁሉ በእንዲህ ያለው ጠዋት ያደረገው ሁለት መለኪያ ጨምሮ ወደ ቢላው መሄድ ነበር።

በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሡ ይሄድባቸው የነበሩት አረቄ ቤቶች አብረው ፈረሱ። ሥራ አስኪያጁ ችግሩ አብሮ እንደሄደ አምኖ ነበር። ቆራጩ ግን የጠጪ ጓደኞቹ በየኮንዶሚኒየሙ እንደተበተኑ፣ ከአዲሱ መኖሪያው ሥርም ግሮሰሪ እንዳለ ነገረኝ።

የትንፋሽ መመርመሪያው

አስተዳደሩ ከአደጋው በኋላ በራሱ ተነሣሽነት በር ላይ የትንፋሽ መመርመሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ዋጋው ቀላል የሆነ፣ በኪስ የሚያዝ ዓይነት። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ ሲመለሱ በተደረገ ፍተሻ፣ መሣሪያው በአንድ የኦፍሴት ሠራተኛ ላይ ጮኸ። ሰውየው በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል ቀምሶ የማያውቅ መሆኑን መላው ቤት ያውቃል። ከምሳ በፊት ሮለር ሲያጸዳ ነው የቆየው፤ እጅጌው በማጽጃው ርሷል። እንዲህ ያሉ ርካሽ መሣሪያዎች የሚጠጣውን አልኮል ከአይሶፕሮፒል በደንብ አይለዩም። ሰውየው በሠራተኛው ፊት ቆሞ፣ ምንም ሳይናገር፣ እጅጌውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ፤ ከዚያም ለጥበቃው አሳየው። ዕንባው ወርዶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቆት መመርመሪያው ተነሣ።

መሣሪያው ትክክለኛ ቢሆንም እንኳ በር ላይ የሚይዘው የሰከረውን ሰው ነው። መጠጥ የያዘው ሰው መለኪያውን ከበሩ አልፎ፣ በውሃ ኮዳ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው መጠይቅ

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዳሰሳውን እንደ አዲስ አደረግሁት። ስም የለም፤ ክፍል አይጻፍም፤ ፎርማን አይነካውም። ወረቀቱ በታሸገ ሣጥን ይገባል፤ ሣጥኑን የምንከፍተው እኔና ከውጭ የመጣች አንዲት ባልደረባዬ ነን። ርእሱም «የመጠጥ ልማድ መጠይቅ» ተባለ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ግን መለኪያው ነው። መጠይቁ «ስንት መጠጥ ይጠጣሉ?» ሲል አንድ መጠጥ የሚለው 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ያለውን ነው። የእኛ ሰው በግራም አይጠጣም። አንድ አረቄ ቤት ሄጄ ባለቤቷን አስፈቅጄ መለኪያዋን ተዋስሁ፤ ወፍራም ብርጭቆ፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ አፉ የተሸራረፈ ነው። በሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ ስለካው እስከ አፉ 45 ሚሊ ሊትር ያዘ። አረቄው 40 በመቶ አልኮል አለው ብንል (ጥሩ ዳግም፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ፣ ሲሆን ከዚያም ያልፋል) አንዷ መለኪያ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ትይዛለች። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ ቢራ የሚይዘው 13 ግራም ነው። ስለዚህ አንዷ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትስተካከላለች። ለሠራተኞቹ ይህን በሥዕል አስደግፌ ሳሳይ «መለኪያ'ኮ አንድ ጉርሻ ናት» ይሉ የነበሩት ዝም አሉ።

የቆራጩንም የማታ መጠን በዚሁ አሰላሁት፦ ስድስቱ መለኪያ 84 ግራም፣ ሁለቱ ቢራ 26 ግራም፣ በጠቅላላው 110 ግራም። ሰውነት በሰዓት በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ያስወግዳል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የጨረሰ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ ሲጀምር፣ የማለዳዎቹን ሁለት መለኪያ ሳንቆጥር እንኳ፣ ከደሙ ያልወጣ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ሠራተኞቹን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ይህ ስሌት ነው፤ ተኝቶ መነሣት ያጸዳል ብለው ያምኑ ነበርና።

ቤቱ ትንሽ ስለሆነ የውጤቱን ቁጥር አልጽፍም፤ በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰው እንኳ ያልደረሰበትን 8 ያለፉት ግን ከሁለት እጅ ጣቶች በላይ ነበሩ። ከዚህ የሚበልጠው ግኝት በነጻ ጽሑፍ የመጣው ነው። የሌሊት ፈረቃ ወጣቶች በቀን መቁጠሪያ ወቅት ነቅተው ለማደር ጫት እንደሚቅሙ፣ ጠዋት ሲወጡ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ስለሚላቸው ለጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና ለማብረድ፣ አረቄ እንደሚጠጡ ጽፈው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «ሌሊቱን ብትቀንሱልን አረቄው ራሱ ይቀንሳል» ብሎ ነበር የጨረሰው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መጠጡን ከውጭ ወደ ሥራ ቦታው እንደሚገባ ነገር አየው ነበር፤ በከፊል ግን የሥራ ሰዓቱ ራሱ የሚያመርተው ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከዚህ ቤት ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ቢወሰድ ይጠቅማል የምለው በቅድሚያ መረጃንና ቅጣትን መለየት ነው። ማባረር በሚችል ሰው እጅ የሚያልፍ መጠይቅ እውነት አያመጣም፤ እንዲያውም «ችግር የለም» የሚል የሐሰት ማስረጃ ስለሚፈጥር ባይሠራ ይሻላል። በስም የተለየ እርዳታ ከተፈለገ ሰውየው በራሱ ፈቃድ የሚመጣበት ሌላ በር ይከፈት።

ሠራተኛው እንደሚጠጣ ሲታወቅ «ዛሬውኑ ተው» አይባል። በየቀኑ የሚጠጣ፣ በተለይም ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ በሐኪም ሳይታይ በድንገት እንዳያቆም ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም በዚያው ቀን ይነገር፤ የሕክምና ቀጠሮውም ሳምንት አይጠብቅ። እኛ እንጦጦ ላይ ሊሞትብን ነበር።

የማሽን መከላከያዎች ከሰው በፊት ይፈተሹ። በማተሚያ ቤቱ ቁልፉ በዚያው ሳምንት ተጠግኖ፣ ፎርማኑ በየማለዳው ሁለቱንም ቁልፎች ፈትኖ እንዲፈርም ተደርጓል። በትንሽ ወጪ ከተለወጡት ነገሮች የቅዳሜው ጥሬ ገንዘብ ይጠቀሳል፤ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ወደ ባንክ ሲዞር የብዙ ሚስቶች ምስጋና ለገንዘብ ያዥዋ ደርሷል። ቤቱ የቀን መቁጠሪያው ሥራ ሲያልቅ በአዳራሹ ውስጥ በሣጥን ያቀርብ የነበረው ቢራም ቀርቶ በምሳ ግብዣ ተተክቷል፤ በዚህ ግን ያኮረፉ አልታጡም። የሌሊት ፈረቃውን ማሳጠር እስካሁን አልተቻለም። አስተዳደሩ ትእዛዙ በሁለት ወር ውስጥ ስለሚጎርፍ አማራጭ የለኝም ይላል፤ እኔ ደግሞ ሦስተኛ ቡድን ተቀጥሮ ሰው በተከታታይ ከሦስት ሌሊት በላይ እንዳይሠራ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ክርክሩ አላለቀም።

ቆራጩ ከጥር ወዲህ፣ ይህ እስከተጻፈበት ጊዜ፣ አልጠጣም። ወደ ማሽኑ እንዲመለስ ሐኪሙ ቢፈቅድለትም እሱ ጥረዛውን መርጧል። በነሐሴ 2016 የቀን መቁጠሪያው ሥራ ሲጧጧፍ አዲሱ ወጣት ቆራጭ ልኬት ሲጠፋበት ይጠራው ነበር፤ እሱም መጥቶ ከማሽኑ ጎን ይቆምና፣ ጫፏ በጎደለችው ጣቱ ወረቀቱን እያመለከተ፣ «ሁለቱንም እጅህን ከቁልፉ ላይ አድርግ» ይለዋል።